የተኩስ ቀን ካናቴራ

ዬፊም ሳቬልዬቪች ኮልቺን ኢላማ ጎታቿ መርከብ ላይ የተመደበው ለአንድ ሳምንት ብቻ ነበር። ያኔ ሃያ ዓመቱ ነበር፤ ውትድርናውን ሊጨርስ አራት ወር ቀርቶት ነበር። የመርከቧ ገመደኛ ሁለት ጣቱን ተቆርጦ ሆስፒታል ስለገባ፣ እስኪድን ድረስ አንተ ተካው ተባለ። ሰውዬው ዳነ። ከዳነ በኋላ ግን ወደዚያች መርከብ እግሩን እንደማያነሣ በግልጽ ተናግሮ አገሩ ገባ። ዬፊም እዚያች መርከብ ላይ ከወጣ ይኸው ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነው፤ ያ ሳምንት አላልቅ ብሎታል።

ሥራውን ለማስረዳት ቀላል ነው። የጦር መርከቦች መተኮስ መለማመድ አለባቸው፤ ለመተኮስ ደግሞ ኢላማ ያስፈልጋል፤ ኢላማው ቆሞ ቢጠብቃቸው ትርጉም የለውም፣ ጠላት ቆሞ አይጠብቅምና። ስለዚህ ሸራና ሽቦ የተወጠረበትን ትልቅ ተንሳፋፊ ርብራብ አንዲት አሮጌ መርከብ ከአንድ ኪሎ ሜትር በሚበልጥ የሽቦ ገመድ እየጎተተች በፊታቸው ታልፋለች። መድፈኞቹ ከኋላ ያለውን ይመታሉ፤ ከፊት ያለችውን ይተዋሉ ተብሎ ይታመናል። ከፊት ባለችው ውስጥ ዬፊም አለ። ተኩስ ከተጀመረ መታጠፍ የለም፣ መፍጠን የለም፣ መቆም የለም። ሰው በሶምሶማ በሚሮጠው ፍጥነት ቀጥ ብሎ መሄድ ብቻ ነው። መርከበኞቹ መርከባቸውን “ላሚቱ” ይሏታል። ታዛዥ ስለሆነች ይሁን ወይም አንድ ቀን መታረዷ ስለማይቀር፣ ስሙን ያወጣው ሰው ሳይናገር ሞቷል።

የላሚቱ ሰዎች አንድ ልማድ አላቸው። በተኩስ ቀን ሁሉም ከሥራ ልብሱ ሥር የታጠበ ነጭ ካናቴራ ይለብሳል። የድሮ መርከበኞች ወደ ውጊያ ሲገቡ ንጹሕ ይለብሱ ነበር፤ ሞት ቢመጣ በቆሸሸ ልብስ እንዳያገኛቸው። አሁን በላሚቱ ላይ ስለ ሞት የሚያወራ የለም፤ ካናቴራው ግን ቀርቷል። ካፒቴኑ ሮማን ኦሲፖቪች መሰላሉ አጠገብ ቆሞ የእያንዳንዱን ሰው አንገትጌ በጣቱ ገለጥ አድርጎ ያያል። ነጭ ያልለበሰ አይሳፈርም። የሌላ ሰው ካናቴራ መዋስም አይቻልም፤ የሰው ዕድል ለብሶ ባሕር መውጣት ነውር ነው። በየትኛውም የደንብ መጽሐፍ ላይ ይህ አልተጻፈም፤ ከተጻፉት ደንቦች ሁሉ ግን ያልተጣሰው እሱ ብቻ ነው።

ችግሩ የነበረው ከሚስቱ ጋር ነው። ዚናይዳ፣ በቁልምጫ ዚና፣ የፖፖቭ ደሴት ልጅ ናት፤ አባቷን ባሕር በልቶባታል። ዬፊም ሊያገባት ሲጠይቅ አደጋ ያለበት ሥራ እንዳልሆነ አስምላው ነበር። እሱም ላሚቱ ለጦር መርከቦች የሚጠጣ ውኃ ታመላልሳለች፣ ስትመለስም ቆሻሻቸውን ትጭናለች ብሎ ማለ። ያን ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመቱ ስለነበረ ውሸቱ ሁለት ወይም ሦስት ወር ቢያገለግል ይበቃኛል ብሎ ነበር። በተኩስ ቀን ዋዜማ “ነገ አለቃ ሊጎበኘን ይመጣል፣ ነጭ ካናቴራ አውጪልኝ” ይላታል። ታወጣለታለች። ማታ ሲመለሱ፣ መርከቧ በቤታቸው ሥር ባለው የቋጥኝ አፍንጫ በኩል ስታልፍ፣ ወደ መሪው ክፍል ገብቶ ጡሩምባውን ሁለት ጊዜ ይነፋል። ድንቹን ጣጂው ማለት ነው ብሎ ነግሯታል። ዚናም ድንቹን ትጥዳለች። ትዳራቸው በዚህ ሁኔታ ሲኖር ዬፊም ሦስት ጊዜ ከሥራ የመልቀቂያ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። በመጀመሪያው ጊዜ ልጃቸው ታመመች፤ በሁለተኛው አገሩ ራሱ ፈርሶ ደብዳቤውን የሚቀበል ቢሮ ጠፋ፤ በሦስተኛው ኦሲፖቪች ደብዳቤውን አንብቦ አጣጥፎ ሻይ ማስቀመጫ አደረገው። “ገመዱን ማን ሊይዝልኝ ነው?” አለው።

ልጃቸው አድጋ አግብታ ሩቅ ሄደች። የቀራቸው ሁለቱና ቤቱ ነው። ቤቱ የዚና አባት የሠራው ነው፤ ጣሪያው በአራት ቦታ ያፈሳል። በሳሎኑ ሁለት ሳፋ፣ በወጥ ቤቱ አንድ ባልዲ፣ በአልጋው ራስጌ አንድ ድስት ቋሚ ቦታ አላቸው። ዬፊም በየዓመቱ እሠራዋለሁ ይላል፤ በየዓመቱ ሬንጅ ይለቀልቅበታል። በዚህ የጸደይ ወር ግን ዚና ሾርባ እየጨለፈች፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ ከነሐሴው ማዕበል በፊት ጣሪያው ካልተለወጠ ካባሮቭስክ እኅቷ ዘንድ እንደምትሄድ ነገረችው። ለክረምቱ ነው ወይስ ለሁልጊዜ ብሎ አልጠየቃትም። ዚና አንድ ነገር ሁለት ጊዜ የምትናገር ሴት አይደለችም፤ እሱም ሁለተኛውን መስማት አልፈለገም።

ቆርቆሮውን ገዛ። ሠላሳ ሁለት ቅጠል፣ እያንዳንዱ ሁለት ሰው ተቀጣጥሎ የሚያህል፣ የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ። ቆርቆሮው ከደሴቱ ማዶ ባለው ከተማ ወደብ ላይ ደርሶ የሚጫንበትን ቀን ሲጠብቅ የቻይና መርከቦች ሊመጡ ነው ተባለ። ሁለቱ ባሕር ኃይሎች ዘጠኝ ቀን አብረው ይለማመዳሉ፤ ባሕሩ በካርታ ላይ በቀይ አራት ማዕዘኖች ተከፋፍሎ ይዘጋል፤ ወደ ደሴቱ የሚመላለሰው የመንገደኛ መርከብም ይቆማል። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል። የፖፖቭ ሰው ግን ዝሆኖች ሲተቃቀፉም ሣሩ እንደማይተርፍ በዚያ ሐምሌ አየ። ሱቁ በሦስተኛው ቀን ዳቦ ጨረሰ፤ ፖስተኛዋ ከተማ ላይ ቀረች፤ የዬፊም ቆርቆሮም ባሕር ማዶ ተቀመጠ። በዚያ ላይ ዝናቡ አላቋርጥ አለ።

ላሚቱ ብቻ ትንቀሳቀሳለች። በተኩሱ ቀን ጠዋት ከደሴቱ ተነሥታ ከተማ ሄዳ ኢላማውን ትወስዳለች፣ ወደ ቀዩ ማዕዘን ትጎትታለች፣ ሲመሽ ደሴቷ ትገባለች። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ዬፊም ኦሲፖቪች ዘንድ ሄዶ ለመነ። ኦሲፖቪች ጡረታ ሊወጣ አንድ ዓመት የቀረው ሰው ነው፤ የግል ዕቃ መጫን ከባድ ጥፋት መሆኑን፣ ያውም በእንግዶች ፊት፣ ለረጅም ጊዜ አስረዳው። ከዚያ ዚና ምን አለች ብሎ ጠየቀ። ዬፊም ነገረው። “እንግዲያው በቶሎ ጫነው” አለ።

ቆርቆሮውን የሚያጋድሙበት ቦታ አልነበረም። የኋላው ወለል የገመዱ ነው፤ ሽቦው ሲወጠር ወዲያና ወዲህ እያለ እንደ ማጭድ ይጠርገዋል፣ እዚያ የተቀመጠ ነገር ሁሉ ይቆረጣል። በመስኮትና በበር ወደ ውስጥ እንዳይገባም ረዘመ። ዬፊም ግማሹን በሞተር ቤቱ የኋላ ግድግዳ፣ ግማሹን እዚያው ጎን ባለው የእንጨት መከለያ ላይ አቁሞ አሰረው። ሁለቱ ወገን የተገናኙበትን ጥግ በዓይኑ ለክቶ ቀጥ አደረገው፤ እጁ ጠማማ ነገር አይወድም። ኦሲፖቪች ከላይ ሆኖ አይቶ፣ ላሚቱ ቤት መሰለች አለ።

በዚያ ጠዋት አንድ እንግዳም አሳፍረው ነበር። ሹ ጂንቦ ይባላል፤ ከቻይናውያኑ ወገን የተላከ መኮንን ነው፤ ሬዲዮ ይዞ በመርከቦቻቸውና በላሚቱ መካከል ወሬ ያመላልሳል። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሩሲያኛው ከመጽሐፍ የተማሩት ዓይነት ጨዋ ነው። የሙቅ ውኃ ፔርሙዙን አቅፎ መሪው ክፍል ጥግ ላይ ተቀመጠ፤ ቆርቆሮውን ሲያይ፣ ጣሪያ ነው አይደል ብሎ ፈገግ አለ። አባቱ በሻንዶንግ ጠቅላይ ግዛት ጣሪያ ሠሪ ነው።

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ቀዩ ማዕዘን ውስጥ ገቡ። ገመዱ ተለቀቀ፣ ኢላማው ከጭጋጉ ውስጥ እንደ ትንሽ አጥር ራቀ። የተኩስ መስመር ያዙ። ከዚህ ወዲያ መታጠፍ የለም። መጀመሪያ የሚተኩሱት እንግዶቹ ናቸው፤ መርከባቸው በዓይን አይታይም፣ እነሱም የሚያዩት በራዳር ነው። የሹ ሬዲዮ ጮኸ። መለሰ። እንደገና ጮኸ። ሹ የሰማውን ደግመው እንዲነግሩት ጠየቀ፤ ከዚያ ፔርሙዙን ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ አስቀመጠ።

“ካፒቴን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ” አለ። “የሚታየን ኢላማ ሁለት ነው ይላሉ። ትልቁ ከፊት ያለው ነው። የምንመታው ትልቁን ነው ወይ ብለው ይጠይቃሉ።”

ኦሲፖቪች መነጽሩን አንሥቶ ኢላማውን አየ። ኢላማው ላይ ሦስት ሦስት ሆነው እንደ ቤት ጥግ የተገጣጠሙ ብረቶች ተሰቅለዋል፤ የራዳሩ ማዕበል እነሱ ውስጥ ሲገባ ወደ መጣበት ይመለሳል፣ ትንሹን ርብራብ ትልቅ መርከብ ያስመስለዋል። ብረቶቹ በቦታቸው ናቸው። ታዲያ ምን ሆነ እያለ ሲያጉረመርም ዬፊም ወደ ሞተር ቤቱ ጀርባ ዞሮ አየ። እነዚያን ብረቶች ለሠላሳ አንድ ዓመት የገጣጠመው እሱ ነው። ግድግዳ፣ ግድግዳ፣ ወለል፤ ጥጉ ቀጥ ያለ። እጁ ሳያስበው የለመደውን ሠርቷል፤ በገዛ መርከቡ ላይ በዕድሜው ካበጃቸው ሁሉ ትልቁን ኢላማ አቁሟል።

“ቆርቆሮው ነው” አለ። “እኔ ነኝ ኦሲፖቪች። ጥግ ሠርቼበታለሁ።”

ማጋደም አይቻልም፣ ገመዱ አለ። ወደ ውስጥ ማስገባት አይቻልም። ሸራ ቢያለብሱት ራዳር ሸራ አያይም። ተኩሱ ይቁም ቢሉ፣ ለምን ተብሎ ይጠየቃል፤ በሁለት አገር አድሚራሎች ፊት የአንድ ገመደኛ ጣሪያ የባሕር ልምምድ አስቆመ ይባላል፣ የኦሲፖቪችም ጡረታ እዚያው ያበቃል። ኦሲፖቪች ይህን ሁሉ አልተናገረም። ዬፊምን ብቻ አየው፤ ፊቱ ላይ ቁጣ ቢኖር ይቀል ነበር።

ሹ ሬዲዮውን በመዳፉ ሸፍኖ ነበር። “ገመዱ እየተፈተሸ ነው፣ አሥር ደቂቃ ስጡን እላቸዋለሁ” አለ። “እርስዎ ደግሞ ሲያልፉ ገመዱን ይዩት። ውሸት እንዳይሆንብኝ።”

ዬፊም የመጀመሪያውን ቅጠል ራሱ ጣለው። ውኃው ላይ ጠፍጠፍ ብሎ ትንሽ ተንሳፈፈ፣ አንድ ጠርዙን ነከረ፣ እያብረቀረቀ ወረደ። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። ነፋሱ ቆርቆሮውን እንደ ሸራ ስለሚነጥቀው ለአንዱ ሦስት ሰው ያስፈልጋል፤ መካኒኩም መጣ፣ ወጥ ሠሪውም መጣ። ሹ ኮቱን አውልቆ ከነሱ ጋር ገባ። ሸሚዙ ከሱሪው ሲወጣ ወገቡ ላይ የታሰረ ቀይ የሐር መቀነት ታየ። በዚያ ጭንቅ ውስጥ እንኳ ወጥ ሠሪው ሳያፌዝ አላለፈም፤ ጌታዬ፣ ሙሽራ ነዎት እንዴ አለው። ሹ አላፈረም። በነሱ አቆጣጠር እያንዳንዱ ዓመት የእንስሳ ስም እንዳለው፣ ሰው የተወለደበት እንስሳ ዓመት በየአሥራ ሁለት ዓመቱ ሲመለስበት ክፉ እንደሆነ፣ ዘንድሮ የሱ ተራ እንደሆነ፣ ቀዩን መቀነት ከክፉ ይጠብቅህ ብላ እናቱ እንደሰፋችው፣ ቢጠፋብህ ብላም ሁለት እንደላከችለት እያለከለከ ነገራቸው። ዬፊም አንገትጌውን ሳብ አድርጎ ካናቴራውን አሳየው። “የኛ ነጭ ነው” አለ። ሹ ራሱን ነቀነቀ። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገም።

በየቅጠሉ ዬፊም አንድ ነገር በሐሳቡ ይመጣበት ነበር። የሳሎኑ ሁለት ሳፋ፣ የወጥ ቤቱ ባልዲ፣ የአልጋው ራስጌ ድስት፣ ካባሮቭስክ። ሠላሳ ሁለተኛው ሲሰምጥ እጁ ከአውራ ጣቱ እስከ አንጓው ተተልትሎ ነበር። ገመዱን አየው። ደኅና ነው። ሹ በቋንቋው ጥቂት ቃላት ተናገረ፤ አዳመጠ፤ “አሁን ትልቁ ከኋላ ያለው ነው” አለ።

ከዚያ ተኩሱ መጣ። ዬፊም ከሞተር ቤቱ ጥግ ገመዱን እየጠበቀ፣ እያንዳንዱ ጥይት የት እንደወደቀ እንደ ልማዱ ያይ ነበር፤ ይህ ቀረ፣ ይህ አለፈ፣ ይህ ሸራውን በሳው። አንዱ አጥሮ በገመዱ አጠገብ ወደቀ፤ ሽቦው በእግሩ ሥር ያለውን ወለል አንቀጠቀጠው፤ ያን ጊዜ ካናቴራው ከጀርባው ጋር ተጣበቀ። ከእንግዶቹ በኋላ የራሳቸው ሰዎች ተኮሱ። ሲያበቃ ሁለቱም ወገን በሬዲዮ ተመሰጋገኑ። ላሚቱን ያመሰገነ አልነበረም፤ ላምን ማን ያመሰግናል።

ሹ ከመውረዱ በፊት የተጠቀለለች ቀይ ጨርቅ በዬፊም ኪስ ውስጥ ከተተ። ሁለተኛው መቀነቱ ነው። በአባቱ አገር አዲስ ጣሪያ ሲሠራ የላይኛው ወራጅ ላይ ቀይ ይታሰርበታል አለ። ዬፊም ጣሪያው እኮ ሰጠመ አለው። ሹ አውቃለሁ አለ፤ “ያለኝ ግን ይህ ነው።” በቋጥኙ አፍንጫ ሲያልፉ ዬፊም እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ጡሩምባውን ሁለት ጊዜ ነፋ። ይዞላት የሚገባ ምንም ነገር ሳይኖር ድንቹን ጣጂው አላት።

ለዚና ቆርቆሮው ከመጋዘን አልወጣም ብሎ ዋሻት። እጄን ሽቦ ቆረጠኝ አላት። እሺ አለች። ቁስሉን አጥባ ጠቀለለችለት፣ ድንቹን በዓሣ አበላችው፣ የመንገደኛው መርከብ ረቡዕ አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚመላለስ ሰምታለችና ቲኬት እንዳስያዘች ነገረችው። ዬፊም ማንኪያውን አስቀመጠ። ባልዲው ውስጥ ውኃው ይንጠባጠባል።

በማግሥቱ የሥራ ልብሱን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ ቀዩን ሐር አገኘችው። ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ያዘችው።

“ይሄ የማንኛዋ ሴት ነው?”

“የወንድ ነው” አለ ዬፊም፤ ይህን ካለ በኋላ ነገሩ እንዳልተሻሻለ ገባው።

“ፊማ፣ ሽማግሌ ነህ። በዚህ ዕድሜህ ወይ ቀልድ ቻልበት፣ ወይ ተወው።”

ነገርን ነገር ያነሣዋል። የመቀነቱን ለመናገር ሹን መናገር ነበረበት፤ ሹን ለመናገር ቆርቆሮውን፤ ቆርቆሮውን ለመናገር ጥጉን፣ ራዳሩን፣ ኢላማውን። እየተናገረ ውሸቱ ከሥሩ ሲነቀል ይሰማው ነበር፤ ማቆም ግን አልቻለም። ጣሪያሽ ባሕር ውስጥ ነው፣ ወይ እሱ ወይ እኛ ነበር አላት። ሠላሳ አንድ ዓመት ውኃ አመላልሼ አላውቅም አላት። ራሱን ደፍቶ ጩኸቷን ጠበቀ።

ዚና አልጮኸችም። ሐሩን አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ ለካ ሁሉንም ታውቅ ነበር።

“የመርከበኛ ልጅ ነኝ” አለች። “ውኃ የሚያመላልስ ሰው ነጭ ካናቴራ ምን ያደርግለታል? አባቴ ያን ቀን ነጩን ሳይለብስ ነው የወጣው፣ ታጥቦ አልደረቀም ነበር። አንተ ነገ አለቃ ይመጣል ባልህ ቁጥር ምድጃው ላይ አድርቄ ሰጥቼሃለሁ። ከዚያ ማጠቢያው ጋ ቆሜ እቆጥራለሁ።”

“ምኑን?”

“ጥይቱን ነዋ። ጡሩምባህ እስኪሰማ ድረስ።”

ዬፊም ለምን አልነገርሽኝም ብሎ ጠየቃት። አንተስ ለምን አልነገርኸኝም አለችው። እንዳትፈሪ ብዬ ነው አላት። እኔ ደግሞ ውሸታም መሆንህን አውቄብህ እንዳታፍር ብዬ ነው አለች።

“ጣሪያውስ?”

“ጣሪያው ቢያፈስ ሳፋ አለኝ” አለች። “ለጥይቱ ግን የሚሆን ሳፋ የለኝም፣ ፊማ። ደከመኝ። ና አብረን እንሂድ።”

ከልቧ ነበር። ካባሮቭስክ ባሕር የለም፤ የእኅቷ ባል ጋራዥ ውስጥ ሥራ አይጠፋም። ዬፊም መሄድ ፈለገ። ግን ዓርብ ሁለተኛው ተኩስ አለ፤ ኦሲፖቪች በሱ ምክንያት ጡረታውን አስይዞ ተቀምጧል፤ ገመዱን ሌላ ሰው ከያዘው ሰው ይቆረጣል፣ እሱ ራሱ እዚህ የገባው በሁለት ጣት ምክንያት አይደለም እንዴ? ልምምዱ ይለቅ፣ አንድ ሳምንት ስጪኝ አላት። ዚና ሳቀች፤ ሳቋ ክፋት አልነበረበትም፤ ለዚህ ነው የከበደው።

“የአንተ ሳምንት እኮ አያልቅም” አለችው።

ረቡዕ ሻንጣዋን ወደብ ድረስ ተሸከመላት። የክረምት ልብስ ለያዘች ሴት ሻንጣው ቀላል ሆነበት፤ ምን እንደያዘች አልጠየቀም። ጉንጩን ስማው፣ ካልሲህን አድርቅ ብላው ወጣች። መርከቡ ከቋጥኙ አፍንጫ ሲያልፍ ጡሩምባ አልነፋም፤ የመንገደኛ መርከብ ለማን ብሎ ይነፋል።

ዓርብ ጠዋት ሊለብስ መሳቢያውን ከፈተው። ሰባት ነጭ ካናቴራ ነበረው፤ አንድም የለም። ሥሩን ፈተሸ፣ ልብስ የሚሰጣበትን ገመድ አየ፣ የቆሸሸውን ዘንቢል ገለበጠ። ሁሉንም ይዛቸው ሄዳለች። መሳቢያው ውስጥ የቀረው ቀዩ ሐር ብቻ ነው፤ በሥርዓት ተጣጥፏል። ዬፊም አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ በንዴት ሰደባት፤ ሞኝ አድርጋኛለች፣ እንደ ሕፃን አስራኛለች አለ። ከዚያ ሰማያዊ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ወደ ወደቡ ሮጠ።

ኦሲፖቪች መሰላሉ አጠገብ ቆሟል። ጣቱን ሰደደ፣ አንገትጌውን ገለጠ።

“ካናቴራህስ?”

“ካባሮቭስክ ሄዷል።”

ማንም አልሳቀም። ወጥ ሠሪው ሌላ አለኝ ሊል አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ዬፊም አሳልፈኝ አለ፤ ገመዱን ማን ይይዛል አለ፤ በዚህች መርከብ ላይ ስንት ዓመት እንደሠራ አስታወሰው። ኦሲፖቪች ገመዱን መካኒኩ ይይዛል አለ፤ በዚህ ሁሉ ዓመት ሲያይህ ካልተማረ ይቆረጥ አለ። ከዚያ ጠጋ ብሎ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ፣ “ዚና የምታውቀውን ነው ያደረገችው። ወደ ቤትህ ግባ ሳቬሊች” አለው። መሰላሉን ሳቡት። ላሚቱ ያለ ዬፊም ስትወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ አያት፤ ትንሽ ናት፤ ይህን ያህል ትንሽ መሆኗን አያውቅም ነበር።

ቤት ገባ። ዝናቡ እንደጉድ ይወርዳል፤ ሳፋዎቹ ሞልተዋል፤ ደፋቸው፣ መልሶ አስቀመጣቸው። ከቀትር በፊት የመጀመሪያው ድምፅ ከጭጋጉ ማዶ መጣ። ዬፊም ባልዲ እንደያዘ ቆመ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤ በመደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ተነካኩ፤ ብርጭቆዎቹ በዚህ መንገድ እንደሚጮኹ ዛሬ ሰማ። ሁለተኛው መጣ። መርከቧ ላይ ሲሆን እያንዳንዱ የት እንደወደቀ ያያል፤ ያለፈውን አልፏል ብሎ ይተወዋል። እዚህ ግን ድምፁ ብቻ ነው። አጠረ? አለፈ? ገመዱን መካኒኩ በየትኛው እጁ ይዞት ይሆን? ወደ ማጠቢያው ሄዶ ቆመ። ከማጠቢያው ፊት ያለው ወለል ሁለት እግር በሚያህል ቦታ ቀለሙ ለቅቋል። ስንት ጊዜ ረግጦት ኖሮ አስተውሎት አያውቅም። እሱ ላይ ቆሞ ቆጠረ።

አሥራ ዘጠኝ ደረሰ። ከዚያ ዝም አለ። ዝምታው ከተኩሱ የባሰ ሆነ፤ ማለቁን ወይም ሌላ ነገር መሆኑን የሚነግረው የለም። ድንች ላጠ። ጣደው። ጡሩምባውን ጠበቀ። አንድ ሰዓት አለፈ፤ ሁለት ሰዓት አለፈ። ድንቹ ፈርሶ ሾርባ ሆነ። ጡሩምባው አልተሰማም። አንድ ነገር ሆነዋል አለ፤ ኦሲፖቪች፣ ወጥ ሠሪው፣ መካኒኩ እያለ ስማቸውን ጠራ። ጫማውን ሳያስር ወደ በሩ ተነሣ፤ በሩን ሲከፍት ላሚቱ በቋጥኙ አፍንጫ በኩል፣ ደኅና ሆና፣ ድምፅ ሳታሰማ እያለፈች ነበር።

ጡሩምባውን የሚነፋው እሱ ነበር። ለዚና የሚነፋ ሌላ ሰው በመርከቧ ላይ የለም።

ደፉ ላይ ተቀመጠ። ዝናቡ እግሩን እየመታው ለረጅም ጊዜ እዚያው ቆየ። ከዚያ ገብቶ ምድጃውን አጠፋ፤ ሳፋዎቹን እንደገና ደፋ፤ ከአልጋው ሥር የውትድርና ሻንጣውን ሳበና አቧራውን አራገፈ። ቀዩን ሐር ከላይ አደረገበት። የሚቀጥለው የመንገደኛ መርከብ ሰኞ ነበር።